የሾላው ሥርና የአፈሩ ልክ፦ ከሐዋሳ ሐይቅ ዳር የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት፣ ክረምቱ እንደወጣ

ሥራው ሐዋሳ ሐይቅ ዳር አፈር የለቀቃቸውን የዛፍ ሥሮችና ፀሐይና ዝናብ ያገረጣቸውን እንጨቶች ፎቶ ማንሳት ነው። ለአንድ ቅዳሜ የሚሆን አይደለም። ዓመቱን እየተመላለስኩ ልሠራው አስቤያለሁ፤ የሠራሁትንም እዚህ እየጻፍኩ እሄዳለሁ።

ሐዋሳ መጥቶ ካሜራ ያወጣ ሰው ሐይቁን ያነሳል። ዓሣ ገበያው ላይ አባ ኮዳ የሚባለውን ትልቅ ወፍ ያነሳል። አሞራ ገደል ውስጥ ጉሬዛ ካጋጠመው ደግሞ ደስታው ነው። እኔም ይህን ሁሉ ስንቴ አንስቻለሁ። ዛፉ ግን ሁልጊዜ ከኋላ የሚቆም ነገር ሆኖ ይቀራል። ከዛፉም ቅርንጫፉና ጥላው እንጂ ሥሩን ዞር ብሎ የሚያይ የለም። እዚህ ዳር ላይ ሥር የተደበቀ ነገር እኮ አይደለም። ተንሰራፍቶ፣ ተጠማዞ፣ እርስ በርሱ ተቆላልፎ ፊት ለፊት ይታያል። ስትቀመጥ የምትደገፈው፣ ስትሄድ የሚያደናቅፍህ እሱ ነው።

ዛሬ ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ተነስቼ ዳር ዳሩን ወደ አሞራ ገደል በእግሬ ሄድኩ። የመረጥኩት አንድ ትልቅ ሾላ ነው። ቦታውን በትክክል አልናገርም፤ ሰው ፎቶ ሊነሳ ብሎ ሥሩ ላይ እንዲወጣበት አልፈልግም። ግንዱን ሁለት ሰው ቢያቅፈው አይዳረስም። ፍሬው ከግንዱና ከወፋፍራሞቹ ቅርንጫፎች ላይ በቀጥታ ዘለላ ዘለላ ሆኖ ይወጣል፤ ሾላ እንዲህ ነው። በሐይቁ በኩል ሥሮቹ ወደ ውኃው ይወርዳሉ። በከተማው በኩል ወደ አንድ የአፈር መንገድ ተዘርግተዋል። ከመንገዱ ጎን ትንሽ ቦይ አለች።

ከሾላው ሌላ ሁለት ነገር ይዣለሁ። አንደኛው ወድቆ የደረቀ የግራር ግንድ ነው፤ ቅርፊቱ ከላዩ ካለቀ ቆይቷል። ሁለተኛው ዳር ላይ ተገልብጠው የቀሩ አሮጌ የእንጨት ጀልባዎች ናቸው።

ዕቃዬ ቀላል ነው። ቆየት ያለ የኒኮን ካሜራ፣ 24 እና 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ትራይፖድ፣ ነጸብራቅ የሚቀንስ ፖላራይዘር ፊልተር። በዚህ ላይ ከአናጢ ጎረቤቴ ውኃ ልክና ባለ 5 ሜትር ሜትር ተውሻለሁ። ፎቶ አንሺ ሜትር ምን ያደርግለታል የሚል ይኖራል። ቦታው ሲደርስ እነግራችኋለሁ።

ጥቅምት መጨረሻ

ስለ ብርሃን።

ሐዋሳ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው ያለችው። ፀሐይ እዚህ ተጋድማ አትወጣም፤ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ 15 ዲግሪ ከፍ ትላለች። ስለዚህ የሰሜን አገር ፎቶ አንሺዎች እንደ ልብ የሚሠሩበት ያ ረጅም፣ ለስላሳ የጠዋት ብርሃን እኛ ጋ አጭር ነው። ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ተኩል ድረስ ያለውን ካልተጠቀምክበት አመለጠህ።

ሌላም ነገር አለ። ከተማው ከሐይቁ በስተምሥራቅ ነው። ጠዋት ብርሃኑ ከከተማው በኩል ይመጣል፤ ወደ ሐይቁ የዞሩት ሥሮች ጥላ ውስጥ ይሆናሉ። ከሰዓት ይገለበጣል። ስለዚህ ሥራውን ለሁለት ከፈልኩት። የመንገዱን ጎን ጠዋት፣ የሐይቁን ጎን አመሻሽ ላይ።

ለሥር የሚያስፈልገው ከጎን ገረፍ አድርጎ የሚያልፍ ብርሃን ነው። ቀጥታ ከፊት ከመጣ ቅርፊቱ ልሙጥ መስሎ ይወጣል። ከጎን ሲመጣ ግን እያንዳንዷ ጭረት የራሷን ጥላ ትጥላለች፤ ሥሩ በእጅ የሚዳሰስ ይመስላል። ደመና በሆነ ቀን ደግሞ ቀለሙ ነው የሚያምረው። በደረቅ ፀሐይ ግራጫ ብቻ የሚመስለው የሾላ ቅርፊት ቢጫም፣ ሮዝም፣ አረንጓዴም አለው።

አመሻሹ ላይ ያየሁት ነገር ግን ያላሰብኩት ነው። ወደ 11 ሰዓት ገደማ ፀሐይ ሐይቁ ላይ አርፋ ብርሃኗ ከውኃው እየነጠረ ሥሮቹን ከሥር ወደ ላይ ያበራቸዋል። ጥላው ሁሉ ይገለበጣል። ሌላ ጊዜ ጨለማ የሆነው የሥሩ ሆድ ይበራል፤ ጀርባው ይጨልማል። በዚያ ላይ ማዕበሉ ሲንቀሳቀስ ብርሃኑ በሥሩ ላይ እየተርገበገበ ይሄዳል። በሴኮንድ 250ኛ ክፍል ሳነሳው የብርሃን መስመሮቹ ተቆርጠው ቆሙ። በ2 ሴኮንድ ሳነሳው ሁሉም ተዋሕዶ አንድ ለስላሳ ብርሃን ሆነ። ሁለተኛውን መረጥኩ። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ይነሳል፤ ቅጠል ለሚያነሳ ሰው መከራ ነው። ሥር ለሚያነሳ ግን ምንም አይደለም፤ ሥር አይወዛወዝም።

ኅዳር

ወደ ቅርብ ገባሁ።

ሥር ማለት ካሜራው አፍንጫ ሥር ጀምሮ እስከ ግንዱ የሚዘልቅ ነገር ነው። ሁሉም ጥርት ብሎ እንዲወጣ አፐርቸሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን የሌንስ ቀዳዳ፣ ማጥበብ ይጠይቃል፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል። ልክ ግን አለው። የእኔ ሌንስ ኤፍ 8 እና ኤፍ 11 ላይ በጣም ጥርት ይላል። ኤፍ 22 ላይ ከቅርብ እስከ ሩቅ ሁሉም ትኩረት ውስጥ ይገባል፤ ነገር ግን በዚያች ጠባብ ቀዳዳ የሚያልፈው ብርሃን ስለሚበተን የቅርፊቱ ደቃቅ ነገር ይደበዝዛል። ስለዚህ ኤፍ 11 ላይ እቆማለሁ። ካልበቃኝ ትራይፖዱን ሳልነካ ትኩረቱን ከቅርብ ወደ ሩቅ እያሻገርኩ ደጋግሜ አነሳለሁ። ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ከየፎቶው ጥርት ያለውን እወስዳለሁ። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ የ2 ሴኮንድ ታይመር፣ እጅ ከካሜራው ላይ ማንሳት። ይኸው ነው።

ፖላራይዘሩ ከጠበቅኩት በላይ ጠቅሞኛል። እርጥብ ሥር ላይ ሰማይ ስለሚንጸባረቅ ነጭ ነጭ ይላል። ፊልተሩን ቀስ ብለህ ስታዞረው ነጩ ይጠፋና የእንጨቱ ቀለም ብቅ ይላል። እስከ መጨረሻው ግን አላዞረውም። ትንሽ ነጸብራቅ ካልቀረ እርጥብ መሆኑ አይታወቅም።

ሁለት ሥሮች ተገናኝተው አንድ የሆኑበት ቦታ ላይ ብዙ ቆየሁ። የሾላ ዘመዶች ይህን ያውቁበታል። ሥር ከሥር ጋር ተጫጭኖ ሲያድግ ቅርፊቱ መሐል ይጠፋና እንጨቱ ይዋሐዳል። የተገጠሙበት መስመር እንደ ቁስል ጠባሳ ከፍ ብሎ ይታያል። በጣቴ ተከተልኩት፤ እጥፍ ብሎ ሥሩ ሥር ገባና ጠፋ።

ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብሎ የገመድ ምልክት አለ። ጀልባ የሚያስሩበት ሥር ነው። ገመዱ እየታሸ፣ እየታሸ አውራ ጣት የሚገባበት ጎድጓዳ ቀለበት ሠርቶበታል። የጎድጓዳው ውስጥ የለሰለሰና የሚያብረቀርቅ ነው፤ ከንፈሩ ላይ ሥሩ አዲስ ቅርፊት አብጦ ሊሸፍነው ሲታገል ይታያል። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ጠዋት ብርሃኑ ሳይደርስበት፣ ነጭ ወረቀት በአንድ በኩል ይዤ አነሳሁት። እስካሁን ከሁሉም የምወደው ይህን ነው።

ጀልባ የሚጠግኑ አንድ አዛውንት አጠገቤ መጥተው ቆሙ። ትንሽ አዩኝና፣

«ልጄ፣ ምኑን ነው የምታነሳው?»

«ሥሩን ነው አባባ።»

«ይሄንን?» አሉና በዘንጋቸው አንዱን ወፍራም ሥር ነካ አደረጉት። «እዚህ ላይ እኮ ቁጭ ብዬ መረብ እጠግን ነበር። ሥሩ ላይ አይደለም፤ መሬቱ ላይ። ሥሩ አይታይም ነበር።»

«መቼ ነው አባባ?»

«ኧረ ብዙ ነው። ልጆቼ ሕፃናት ሆነው።»

ካሜራውን ዝቅ አድርጌ ሥሩን እንደገና አየሁት። አሁን ከመሬቱ እስከ ጀርባው ከጉልበት ትንሽ ዝቅ ይላል።

ኅዳር ማብቂያ

አዛውንቱ የተናገሩት ሥራውን ቀየረው።

እስካሁን ሳነሳ የነበረው የሥሩን ቅርጽ ነው። ፍሬሙን ጠበብ አድርጌ፣ መሬቱን ቆርጬ፣ ጥምዝምዙን ብቻ። ቆንጆ ነው። ግን ሥሩ የት እንደቆመ አይናገርም። ሥር ሲበቅል አፈር ውስጥ ነው። አብዛኛው የዛፍ ሥር አየር ስለሚፈልግ ብዙም ወደ ታች አይርቅም፤ ላይኛው ግማሽ ሜትር አፈር አካባቢ ይንሰራፋል። ስለዚህ ዛሬ ሜዳ ላይ ያለ ሥር ጀርባው የቆመበት ከፍታ የድሮውን አፈር ልክ ይናገራል። የመሬት መሸርሸርን የሚያጠኑ ሰዎች ይህንን እንደ መለኪያ ይጠቀሙበታል። የሥሩን ዕድሜና ከመሬት ያለውን ከፍታ ይዘው በዓመት ስንት አፈር እንደሄደ ያሰላሉ። በእርግጥ ሥሩ ሲወፍር ራሱም ወደ ላይ ስለሚነሳ እሱን መቀነስ ያስፈልጋል። ሾላ ደግሞ ዓመቱን የሚያስቆጥር ጥርት ያለ ቀለበት ስለሌለው ዕድሜውን ማወቅ ይከብዳል። ከፍታውን ግን ማንም መለካት ይችላል።

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ደንቤ ይህ ነው፦ እያንዳንዱ የሥር ፎቶ ውስጥ አፈሩ ይኑር። ሥሩን ከመሬቱ ነጥሎ ማንሳት ለግድግዳ ያምራል፤ ለእኔ ግን ግማሽ ፎቶ ነው።

ሜትሩና ውኃ ልኩ እዚህ ላይ መጡ። ለሁለት ቋሚ ፎቶ፣ ማለትም ከዚያው ቦታ በየጊዜው ለምደግመው ፎቶ፣ ቦታ አዘጋጀሁ፤ አንዱ በመንገዱ በኩል፣ አንዱ በሐይቁ በኩል። የትራይፖዱ ሦስት እግሮች የሚያርፉባቸው ጠፍጣፋ ድንጋዮች ከመሬት እኩል አድርጌ ቀበርኩ፤ ከመንገዱ የሲሚንቶ ጠርዝ ያላቸውን ርቀትም ጻፍኩ። የካሜራው ቁመት 90 ሳንቲ ሜትር፣ ሌንሱ 50 ሚሊ ሜትር፣ ውኃ ልኩ ካሜራው ራስ ላይ። በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ጥቁርና ነጭ የቀባሁት እንጨትም ከሥሩ ጎን አቆማለሁ። ዛፉ ላይ ምንም አልመታም፤ ምስማርም ቀለምም የለም። የማመሳከሪያ ምልክቴ የገመዱ ጎድጓዳ ነው።

ታኅሣሥ

ደረቁ ወቅት ገባ። ይህ የሞተ እንጨት ጊዜ ነው፤ ወደ ግራሩ ግንድ ሄድኩ።

እንጨት ሜዳ ላይ ሲቆይ ለምን ግራጫ ይሆናል? የእንጨቱን ቃጫ አጣብቆ የያዘው ሊግኒን የሚባል ነገር ነው። የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር መጀመሪያ እሱን ይሰባብረዋል። በዚህ ጊዜ እንጨቱ ቢጫና ቡናማ ይሆናል። ዝናብ ሲመጣ የተሰባበረውን አጥቦ ይወስደዋል። ላይኛው ገጽ ላይ የሚቀረው በአብዛኛው ሴሉሎስ ነው፤ ነጣ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ። እርጥበት ባለበት ደግሞ ደቃቅ ጥቁር ሻጋታ ይገባበታል። ነጩና ጥቁሩ ተቀላቅለው ያ የብር ቀለም ይመጣል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ቆዳው ላይ ብቻ ነው። ግራሩን ማገዶ ፈላጊ በመጥረቢያ ነክቶታል። መጥረቢያው ያረፈበት ቦታ እንጨቱ ቀይ ቡናማ ነው፤ ትናንት የተቆረጠ ይመስላል። ግራጫው ጠርዙ ላይ እንደ ቀጭን መስመር ነው የሚታየው፤ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ የሚሞላ አይመስለኝም። አሜሪካ ያሉ የእንጨት ተመራማሪዎች በሚሰጡት ግምት፣ ሜዳ ላይ የቆመ የጥድ ዓይነት እንጨት በ100 ዓመት ውስጥ ከገጹ የሚያጣው ወደ 6 ሚሊ ሜትር ነው። ጠንካራ እንጨት ደግሞ የዚያን ግማሽ ያህል። ያረጀ የሚመስለን እንጨት ውስጡ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። የሚጨርሰው ፀሐይ ሳይሆን ምስጥና ብስባሽ ነው።

ያንን የመጥረቢያ ቁስል በቅርብ አነሳሁት። ግማሹ ፍሬም ግራጫ፣ ግማሹ ቀይ። ምንም ማብራሪያ ሳይጻፍበት ሰው የሚገባው ፎቶ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስንጥቆቹ ሌላ ዓለም ናቸው። እንጨት ሲደርቅ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይኮማተርም። በክቡ ዙሪያ የሚኮማተረው ከመሐል ወደ ውጭ ከሚኮማተረው እጥፍ ያህል ነው። ክቡ ሲጠብ መሐሉ እምቢ ይላል፤ ስለዚህ ይሰነጠቃል። የተቆረጠው ጫፍ ላይ ስንጥቆቹ ከመሐል ወደ ዳር የሚወጡት ለዚህ ነው። ግንዱ ጎን ላይ ደግሞ ቃጫውን ተከትለው ይሄዳሉ። ይህ ግራር ጠመዝመዝ እያለ ያደገ ስለሆነ ስንጥቁም ግንዱን እየዞረ ይወጣል። በሕይወት እያለ ቅርፊት ደብቆት የነበረ ጠባይ ነው፤ ሞቶ ከደረቀ በኋላ ተገለጠ።

የተቆረጠውን ጫፍ ስታነሱ ካሜራው ከእንጨቱ ገጽ ጋር ፍጹም ትይዩ መሆን አለበት። ትንሽ ከዘመመ አንዱ ጥግ ጥርት ብሎ ሌላው ይደበዝዛል። መጀመሪያ ውኃ ልኩን ገጹ ላይ፣ ከዚያ ካሜራው ጀርባ ላይ አደርጋለሁ። ሁለቱ ላይ አረፋው እኩል ቦታ ከቆመ ጨረስኩ።

ቅርፊቱ ከተነሳበት አንድ ጎን የጥንዚዛ እጮች የቦረቦሯቸው መንገዶች አሉ። ጠበብ ብለው ይጀምራሉ፤ እጩ እየበላ ሲወፍር መንገዱም እየሰፋ ይሄዳል። አንዷን መንገድ በዓይኔ ተከትዬ መጨረሻዋ ላይ ክብ ቀዳዳ አገኘሁ። ጥንዚዛ ሆኖ የወጣበት ነው።

ጀልባዎቹ ዘንድም ሄጄ ነበር። ሰማያዊ ቀለማቸው እንደ ቅርፊት ተነስቷል። የሳበኝ ግን የምስማሩ ነገር ነው። በእያንዳንዱ የዛገ ምስማር ዙሪያ ጥቁር እድፍ ወደ ታች ወርዷል። ብዙ እንጨት ውስጥ ታኒን የሚባል የተፈጥሮ ንጥረ ነገር አለ፤ ብረትና ታኒን እርጥበት ሲያገኙ ጥቁር ይሰጣሉ። በድሮ ጊዜ ጥቁር ቀለም ይሠራበት የነበረ አንዱ መንገድ ይኸው ነው። ጣውላው ላይ ምስማሩ የራሱን መስመር የጻፈ ይመስላል።

ጥር

ለለውጥ ወንዶ ገነት ደርሼ መጣሁ። ደኑ ውስጥ ብርሃን የለም ማለት ይቻላል፤ ከሰዓት በኋላ በኤፍ 11 ብዙ ሴኮንድ ይፈልጋል። ትልልቆቹ ዛፎች ከግንዳቸው ግርጌ እንደ ግድግዳ የቆመ ሥር አላቸው። የወደቁት ላይ ሁሉም ነገር አረንጓዴ ነው፤ እዚያ እንጨት አይሸብትም፣ ይበሰብሳል። ያማረ ቦታ ነው፣ ግን ሌላ ሥራ ነው። ወደ ሐይቄ ተመለስኩ።

የካቲት

ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብዬ ማስተካከል ይዣለሁ።

በጥላ ውስጥ የተነሳ ግራጫ እንጨት ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። ብርሃኑ ከሰማይ ስለሚመጣ ነው። ስለዚህ ሳነሳ ግራጫ ካርድ ከጎኑ አድርጌ አንድ ፎቶ እወስዳለሁ፤ በኋላ ቀለሙን በእሱ አስተካክላለሁ። ሁሉንም ጥቁርና ነጭ አድርገው የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። አልተስማማሁም። የግራሩ ብር ቀለም ከብዙ ቀለም የተሠራ ነው፤ ቀለሙን ካወጣሁበት የቆምኩለት ነገር ጠፋ። የሾላው ሥር ግን አንዳንዱ በጥቁርና ነጭ ይሻላል፣ ቅርጹ ይጎላል።

በዚህ መሐል ስለ ተደጋጋሚ ፎቶ ሳነብ ነበር። የእንግሊዝ ጦር በ1868 እ.ኤ.አ. ወደ መቅደላ ሲዘምት ፎቶ አንሺዎች ይዞ ነበር። ቤልጂየማዊው የጂኦግራፊ ተመራማሪ ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ እነዚያን ፎቶዎች ይዘው፣ ከ140 ዓመት በኋላ ሰሜን ኢትዮጵያ ውስጥ ቦታዎቹን ፈልገው እንደገና አነሷቸው። ያ ሁሉ ዓመት መሬቱ እየተራቆተ ብቻ መጣ ይባል ነበር። ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን ሲያዩዋቸው ግን ብዙ ቦታ ላይ ዛፉም የአፈር ጥበቃውም ከ1868ቱ ተሽሎ ተገኘ። ያን ጊዜ ካሜራውን ያቆመው ወታደር ስለ ዛፍ አላሰበም። ግን የቆመበት ቦታ ተገኘ፤ ፎቶውም መሰከረ። የእኔ ሦስት ድንጋዮች ከዚያ ጋር የሚወዳደሩ አይደሉም፣ ሐሳቡ ግን አንድ ነው።

መጋቢት ማብቂያ

ፀሐይዋ በዚህ ሰሞን እኩለ ቀን ላይ አናታችን ላይ ናት። እዚህ ኬክሮስ ላይ ይህ በዓመት ሁለት ጊዜ ይሆናል፤ መጋቢት ማብቂያና ነሐሴ ማብቂያ ገደማ። የተተከለች እንጨት ጥላ የላትም። ለሥር ፎቶ አይሆንም፤ አረፍኩ።

ሚያዝያ

ዝናቡ ሰንብቷል። ሐይቁ ለክፉ የሚሰጥ ከፍታ ላይ አይደለም።

ዛሬ የኅዳሩንና የአሁኑን ቋሚ ፎቶ ኮምፒውተር ላይ አንዱን በአንዱ ላይ ደረብኩት። የገመዱን ጎድጓዳ ከጎድጓዳው ጋር አገጣጠምኩ። ሁላችንም፣ አዛውንቱም እኔም፣ አፈሩን የሚበላው ሐይቁ ነው የሚል ሐሳብ ነበረን። ነገሩ ይመስላል። ሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም፤ ጥቁር ውኃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ የሚወጣበት ወንዝ አይታይም። ስለዚህ ዝናብ ሲበዛ ይሞላል፣ ሲቀንስ ይጎድላል፣ ዳሩም አብሮ ይጎዳል።

በሐይቁ በኩል ያለው ፎቶ ግን ምንም አልተለወጠም ማለት ይቻላል። የተለወጠው በመንገዱ በኩል ያለው ነው። ኅዳር ላይ ያልነበረች እርሳስ የምታክል ቀጭን ሥር አሁን ሜዳ ላይ ወጥታለች። የእንጨቱ መለኪያ ላይም አፈሩ ወደ 3 ሳንቲ ሜትር ወርዷል።

ማረጋገጥ ነበረብኝ። ዝናቡ ሲጥል ጃንጥላ ይዤ ሄድኩ። ጎርፉ ከመንገዱ ወደ ትንሿ ቦይ ይገባል፣ ቦይዋ ቀጥታ ሥሮቹ መሐል ትገባለች፣ ከዚያ ወደ ሐይቁ። ውኃው ወፍራም ቡናማ ነው። የእኛ አካባቢ አፈር የእሳተ ገሞራ አመድና ፑሚስ የሚባለው ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ድንጋይ የሞላበት ነው፤ ቀሊል ነው፣ ውኃ ካገኘው አይያዝም። ቦይዋ ውስጥ ነጫጭ የፑሚስ ጠጠሮች እየተንሳፈፉ ሲያልፉ አነሳኋቸው። ሥሩ እንደ ወንፊት የያዘውን ቅጠልና ፌስታልም አነሳሁ።

እርጥብ ሥር የተለየ ነገር ነው። ውኃው የቅርፊቱን ቀዳዳዎች ሲሞላ ብርሃን መበተኑ ይቀንሳል፤ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ይደምቃል። አንዳንዶች በጠርሙስ ውኃ እየረጩ ያነሳሉ። እኔ ዝናቡን መጠበቅ ይሻለኛል። ዝናብ ሲያርስ ውኃው የሚወርድበት መንገድ ይታያል፣ እኔ የምፈልገው ደግሞ መንገዱን ነው።

ግንቦት

ሁለቱን ፎቶዎች አሳትሜ ለአዛውንቱ ወሰድኩላቸው። ኅትመቱ ማት ወረቀት ላይ ነው፤ የሚያብረቀርቀው ወረቀት ላይ ግራጫው አረንጓዴ እያለ አስቸግሮኝ ነበር። አዛውንቱ መነጽራቸውን አውጥተው አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ። ቀጭኗን ሥር በጣታቸው ነኳት።

«ይቺ አልነበረችም።»

«አልነበረችም አባባ። ጎርፉ ነው ያወጣት፣ በመንገዱ በኩል።»

«እኔ እኮ ሐይቁ መስሎኝ ሐይቁን ስረግም።» ትንሽ ዝም አሉ። «እኛ አገር ቦይ መሬት ሲበላ ክትር ነው የምንሠራለት።»

ክትር ማለት ቦዩን አቋርጦ የሚደረደር የድንጋይ አጥር ነው። ውኃውን አያግደውም፤ ሩጫውን ያበርደዋል። ሩጫው ሲበርድ የተሸከመውን አፈር ይጥላል። ከመንገዱ ባለቤት ጋር፣ ማለትም ከሠፈሩ ሰዎች ጋር ተነጋገርን። ጀልባ ላይ የሚሠሩ ልጆች ድንጋይ አመላለሱ። ከዛፉ በላይ ሁለት ትንንሽ ክትሮች ተሠሩ። መሐላቸው ከዳሮቹ ዝቅ ይላል፤ አዛውንቱ በዚህ ላይ ጥብቅ ናቸው። መሐሉ ዝቅ ካላለ ውኃው ዳሩን ይበላል ብለው አንዱን አስፈርሰው አሠሩት።

አንድ ልጅ ሥሮቹን ራሳቸውን አፈር እናልብሳቸው ብሎ ነበር። ተወያየንበትና ተውነው። እነዚህ ሥሮች አየር ላይ ቆይተው እንደ ግንድ ቅርፊት አውጥተዋል። ወፍራም አፈር ግንዱ ግርጌ ላይ ቢከመር አየር ያጥረዋል፣ ቅርፊቱም ሊበሰብስ ይችላል። አፈሩ ከመጣ በራሱ፣ ቀስ ብሎ ይምጣ።

ሥራውን በሙሉ አነሳሁት። ድንጋይ የተሸከሙ እጆች፣ ከኋላቸው የሾላው ሥር። ሰው በፎቶዎቼ ውስጥ ሲገባ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ በጣም ወደድኩት።

ሰኔ

ክረምቱ ጀመረ። ትናንት ማታ ከባድ ዝናብ ነበር፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቦታው ደረስኩ።

ከላይኛው ክትር በስተኋላ ደቃቅ አፈር ተኝቷል። መለኪያውን አስገባሁት፦ 4 ሳንቲ ሜትር። ከላዩ የፑሚስ ጠጠርና የሾላ ቅጠል አለ። በቅርብ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ካሜራውን ትይዩ አድርጌ አነሳሁት። ቋሚዎቹን ፎቶዎችም አነሳሁ። ቀጭኗ ሥር እንደወጣች ናት፤ ያ ወዲያው የሚለወጥ ነገር አይደለም።

ታችኛው ክትር አልያዘም። ውኃው በግራ ጫፉ ዞሮ አልፏል፣ ዳሩ ላይ አንድ ክንድ የሚሆን አዲስ ጉድጓድ በልቷል። አዛውንቱ አዩትና ክንፉ አጭር ነው አሉ። ከሰዓት በኋላ ድንጋይ ጨምረን እናረዝመዋለን፤ ጥቅምት ላይ ሐይቁ ሞልቶ ሲያበቃ ሁለቱን ቋሚ ፎቶዎች በዚያው 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ በዚያው 90 ሳንቲ ሜትር ከፍታ እደግማቸዋለሁ።